የቡሄ ዕለት ጥላ

ከሐዋሳ መሃል ከተማ ሆኖ ታቦር ተራራን የሚያይ ሰው፣ ነሐሴ በገባ ቁጥር ቡሄን ማሰቡ አይቀርም። ዘንድሮ ግን እኔን ያሳሰበኝ ሙልሙሉና ጅራፉ ሳይሆን አንድ የቆየ ዕለት ነው።

ነሐሴ 13 ቀን 1860 ዓ.ም.። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን ከጠጡ ገና አራት ወራቸው ነው። ዋግሹም ጎበዜ በላስታ፣ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ በትግራይ፣ ምኒልክ በሸዋ ዘውዱን ያልማሉ፤ የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ባሕር ተሻግሯል። በዚያ የደብረ ታቦር በዓል ጠዋት፣ ፀሐይ ስትወጣ፣ የጨረቃ ጥላ በኢትዮጵያ ምድር ላይ ዐረፈ። ከዚያም በኤደን በኩል አድርጎ ወደ ህንድ ገሠገሠ።

ህንድ ውስጥ ጉንቱር በምትባል ከተማ ፈረንሳዊው ዣንሰን ስፔክትሮስኮፑን ደግኖ ይጠብቀው ነበር። ይህ መሣሪያ ብርሃንን እንደ ቀስተ ደመና ዘርግቶ የሚያሳይ ነው። ጀርመናዊው ፍራውንሆፈር እ.ኤ.አ. በ1814 የፀሐይን ብርሃን እንዲህ ዘርግቶ ቢያይ፣ በቀለማቱ መካከል ብዙ ጥቋቁር መስመሮች አገኘ፤ ምክንያታቸውን ሳያውቅ ሞተ። ምሥጢሩን በ1859 የፈቱት ኪርሆፍና ቡንሰን ናቸው።

ነገሩ በእናቶቻችን ምድጃም ይታያል። ጨው የገባበት ወጥ ገንፍሎ እሳቱ ላይ ሲፈስ ነበልባሉ ቢጫ ይሆናል፤ ያ ቢጫ የሶዲየም ነው። የጋለ የሶዲየም ተን ይህን ቀለም ያወጣል። ከበስተኋላው ይበልጥ የጋለ ብርሃን ሲመጣበት ደግሞ ያንኑ ቢጫ ይውጣል፤ በስፍራው ጥቁር መስመር ይቀራል። ለምን? ቦር በ1913 እንዳስረዳው፣ በአቶም ውስጥ ኤሌክትሮን የሚቆመው በተወሰኑ እርከኖች ላይ ብቻ ነው፤ በመካከል ማረፊያ የለም። ሲወርድ የእርከኖቹን ልዩነት ያህል ብርሃን ይሰጣል፤ ለመውጣትም ልክ ያንኑ ያህል ይወስዳል። (የባንክ ሠራተኛ ነኝና ይህ ደስ ይለኛል፤ ወጪና ገቢው በሳንቲም አይዛነፍም።) የእርከኖቹ ርቀት በየንጥረ ነገሩ ስለሚለያይ ሁሉም የየራሱ መስመሮች አሉት።

ጨረቃ የፀሐይን ገጽ ስትሸፍን፣ ከጠርዙ የሚንቦገቦገው ጋዝ ብቻውን ታየ፤ መስመሮቹም ጥቁር ሳይሆኑ ብሩህ ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ ቢጫ ነው። ለሶዲየም እጅግ ይቀርባል፤ ግን አይደለም፤ የሶዲየም መንትያ መስመሮች 589.0 እና 589.6 ናኖሜትር ላይ ሲያርፉ፣ ይህ 587.6 ላይ ነው። እንግሊዛዊው ሎክየር በተከታዩ ጥቅምት ግርዶሽ ሳይጠብቅ መስመሩን አይቶ መረመረው። ምድር ላይ ያልታወቀ ንጥረ ነገር ነው ብሎም ደመደመ፤ በግሪኮች የፀሐይ ስም ሄሊየም ተባለ። ብዙዎች ተጠራጠሩት። ራምሴ ዩራኒየም ካለበት ማዕድን ውስጥ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1895፣ ከዓድዋ ድል አንድ ዓመት ቀድሞ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ስሙ ብቻ ነበረ።

እኔ ያነበብኳቸው መጻሕፍት ታሪኩን ከጉንቱር ይጀምሩታል። እኔ ግን የዚያን ጠዋት ካህናት አስባለሁ። ስለ ታቦር ብርሃን ሲዘምሩ አድረው፣ ጥላው ባለፈበት አገር ከቅኔ ማኅሌት ሲወጡ፣ የነሐሴ ደመና ፈቅዶላቸው ከነበረ፣ ያንኑ የሚንቦገቦግ ጠርዝ ከዣንሰን ጥቂት ቀድመው አይተውታል።