ቶኪዮ ላይ ጩኸቱ ረገብ ሲል

እንግዲህ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የማወጋችሁ የ15 ቀን መንገድ ነው። ዘመኑ 1958 ዓ.ም.፣ ወሩ ሰኔ፤ በፈረንጆቹ 1966 መሆኑ ነው። ጆን ሌነን፣ ፖል ማካርትኒ፣ ጆርጅ ሃሪሰንና ሪንጎ ስታር፣ ዓለም ቢትልስ ብሎ የሚጠራቸው የሊቨርፑል ልጆች፣ ሰኔ 16 ቀን ከለንደን ተነሥተው ጀርመንን፣ ጃፓንንና ፊሊፒንስን አዳርሰው ሐምሌ 1 ቀን ተመለሱ። ይህን ጉዞ የሚያነሣ ሁሉ ቶሎ ብሎ የሚሮጠው ማኒላ ላይ ወደ ደረሰባቸው ግፊያና እርግጫ ነው። እሱም ይደርሳል። እኔን ዘወትር የሚይዘኝ ግን ቶኪዮ ላይ የሆነው ነው።

አስቀድሜ ስለ ጩኸቱ ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ ነገሩ አይገባም። ከዓመት በፊት ኒው ዮርክ በሚገኘው ሺ ስታዲየም ከ55,000 በላይ ሰው ፊት ተጫውተዋል። ያ ሁሉ ሕዝብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጮኽ ነበር። ዛሬ በየመድረኩ ጫፍ የምናየው፣ ወደ ሙዚቀኛው ዞሮ የገዛ ድምፁን የሚያሰማው ስፒከር ያን ጊዜ የላቸውም። ሪንጎ ከድራሙ ኋላ ተቀምጦ ዘፈኑ የቱ ጋ እንደ ደረሰ የሚያውቀው በጆሮው አልነበረም፤ የጓደኞቹን ጀርባ እንቅስቃሴ እያየ ነበር። አዝማሪ የገዛ መሰንቆውን መስማት ተስኖት ሲጫወት አስቡት። አንድ ምሽት ቢሆን ይታለፋል፤ እነሱ ግን ዓመታት እንዲህ ከረሙ።

ሰኔ 17 ሙኒክ ውስጥ በአንድ የሰርከስ አዳራሽ ተጫወቱ። ከዚያም ባለፈው ዓመት ንግሥት ኤልሳቤጥ በተጓዙበት ልዩ ባቡር ኤሰንን አልፈው ሃምቡርግ ገቡ። ሃምቡርግ ለእነሱ እንግዳ ከተማ አልነበረችም። በ1952 ዓ.ም. ክረምት፣ ማንም ሳያውቃቸው፣ ሪንጎ ገና ሳይቀላቀላቸው፣ ጆርጅ ገና 17 ዓመቱ ሳለ መጥተውባታል። ያን ጊዜ የሚተኙት ከአንድ ሲኒማ ቤት ጀርባ፣ ከሽንት ቤቱ አጠገብ ባለ ጓዳ ነበር። ማታ ማታ ለመርከበኛና ለሰካራም ለብዙ ሰዓት ይጫወታሉ፤ የሚያውቁት ዘፈን ሲያልቅባቸው አንዱን እየደጋገሙ ያስረዝሙታል። አንዱ ሌላውን ማድመጥ የተማረው እዚያ ነው። ቢትልስን ቢትልስ ያደረገው ያ ጓዳና የዚያ ሌሊት ርዝመት ነው ብዬ አምናለሁ። አሁን በጥበቃ ታጅበው ገቡ፤ የድሮ ወዳጆቻቸውን አገኙ፤ ተጫወቱ፤ ሄዱ።

ወደ ቶኪዮ ሲበሩ ከባድ አውሎ ነፋስ መንገድ ዘጋባቸውና አላስካ፣ አንኮሬጅ ላይ ለሰዓታት ቆዩ። ሰኔ 22 ገና ሳይነጋ፣ አየር መንገዱ የሰጣቸውን የጃፓን ካባ ደርበው ከአውሮፕላን ወረዱ። የጠበቃቸው ግን ፍቅር ብቻ አልነበረም። የሚጫወቱበት ቡዶካን ከሁለት ዓመት በፊት ለቶኪዮ ኦሎምፒክ የጁዶ ውድድር የተሠራ፣ ለጃፓን የትግል ጥበብ ክብር የቆመ አዳራሽ ነው። እዚህ ቦታ ጊታር አይጮኽም ያሉ ብሔርተኞች ተቆጡ፤ ዛቱም። መንግሥት በሺዎች የሚቆጠር ፖሊስ አሰማራ፤ አራቱም ሆቴላቸው ውስጥ ተዘጋባቸው።

ታዲያ በዚያ ክፍል ውስጥ ምን አደረጉ? ትልቅ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘረጉ፤ መሐሉ ላይ መብራት አስቀመጡ፤ አራቱም በየማዕዘኑ ተቀምጠው ከጠርዝ ወደ መሐል መሳል ያዙ። የኮንሰርቱ ሰዓት ሲደርስ ቀለሙን ትተው ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ሲያበቁ መብራቱን አነሡት። ሥሩ ነጭ ክብ ቀርቷል፤ እዚያ ላይ ፈረሙ። ይህን ሥዕል ባሰብኩ ቁጥር የሃምቡርጉ ጓዳ ትዝ ይለኛል፤ ጓደኛሞች፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ሥራ።

ከሰኔ 23 እስከ 25 ቡዶካን ላይ 5 ጊዜ ተጫወቱ፤ በየጊዜው 10,000 ገደማ ሰው ገባ። ፖሊሶቹ በተመልካቹ መሐል ተሰልፈዋል፤ ከመቀመጫ መነሣት ክልክል ነው። ልጃገረዶቹ ያጨበጭባሉ፣ ስም ይጠራሉ፣ ያለቅሳሉ፤ አዳራሹን የሚውጠው የሌላው አገር ጩኸት ግን የለም። እናም አራቱ ከስንት ጊዜ በኋላ የገዛ ሙዚቃቸውን ሰሙ።

የሰሙት አላስደሰታቸውም። ድምፃቸው አልገጠመም፤ ቃናው ተዛነፈ። ፔፐርባክ ራይተር የተባለው ዘፈናቸው ስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ በድምፅ ላይ እየተደረበ የተሠራ ነው፤ መድረክ ላይ ሲዘፍኑት ሳሳባቸው። የመጀመሪያው ምሽት ፊልም ላይ የፖል ማይክሮፎን በማቆሚያው ላይ እየዞረ ሲሸሸው፣ እሱም እየተከተለው ሲዘፍን ይታያል። ከሊቨርፑል ጀምሮ አብሯቸው የተንከራተተው ኒል አስፒናል፣ ከቃና መውጣታቸውን ድንገት እንደ ሰሙና በቀጣዮቹ ዝግጅቶች እንዳሻሻሉ በኋላ ተናግሯል።

ልብ በሉ፤ ለዚህ ጉዞ ከመነሣታቸው በፊት በዚያው ሳምንት ሪቮልቨር የተባለውን አልበም ቀድተው ጨርሰዋል። ቴፕ ወደ ኋላ እያስኬዱ፣ ድምፅ ቆርጠው እየቀጠሉ፣ ከዚያ በፊት ያልሞከሩትን እየሞከሩ የሠሩት ነው። ከዚያ አልበም አንድ ዘፈን እንኳ መድረክ ላይ አልወጣም። በየከተማው የሚጫወቱት 11 ዘፈን፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ። ስቱዲዮ ውስጥ ወደፊት እየሄዱ፣ መድረክ ላይ ወደ ኋላ እየቀሩ ነበር፤ ጩኸቱ ሸፍኖት ኖሯል። እኔ እንደሚገባኝ ልባቸው ከመንገድ የተቆረጠው እዚህ፣ ማንም ሳይነካቸው ነው።

ማኒላ ሰኔ 26 ደረሱ። በማግስቱ ረፋድ ቀዳማዊት እመቤት ኢሜልዳ ማርቆስ በማላካኛንግ ቤተ መንግሥት ልጆች ሰብስበው ይጠብቋቸው ነበር። ማኔጀራቸው ብራያን ኤፕስታይን ተኝተዋልና አልቀሰቅሳቸውም አለ። በ1956 ዓ.ም. ዋሽንግተን በሚገኘው የእንግሊዝ ኤምባሲ ግብዣ ላይ አንድ ተጋባዥ የሪንጎን ፀጉር በመቀስ ከቆረጠበት ወዲህ፣ እንዲህ ያለ ግብዣ አይቀበሉም ነበር። ከቀኑ 10 ሰዓትና ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል በሪዛል ስታዲየም በድምሩ ወደ 80,000 ለሚጠጋ ሰው ተጫወቱ። ማታ ቴሌቪዥኑ ሲከፈት፣ የቀሩባቸው ልጆች ሲጠብቁ ይታያሉ። ኤፕስታይን ይቅርታ ሊጠይቅ ቴሌቪዥን ላይ ቀረበ፤ ድምፁ በስርጭቱ ጩኸት ተዋጠና ማንም ሳይሰማው ቀረ።

ሰኔ 28 ሲነጋ አገሩ ሁሉ ፊቱን አዞረባቸው። ሻንጣ የሚይዝላቸው፣ የሚጠብቃቸው ጠፋ። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ተንቀሳቃሹ ደረጃ እንዲቆም ተደረገ። እዚህ ላይ ስሙን ማንሣት የምወደው ሰው አለ፤ ማል ኤቫንስ። ቀድሞ ሊቨርፑል ውስጥ የስልክ ሠራተኛ የነበረ፣ ግዙፍ፣ መልካም ሰው ነው፤ የቢትልስን ጊታርና ማጉያ ዓመታት የተሸከመ ትከሻ። ያን ከባድ ዕቃ በቆመ ደረጃ ሽቅብ አወጡት። ሕዝቡ እየገፋ፣ እየተሳደበ ከበባቸው፤ ማልን ረገጡት። እንደምንም አውሮፕላን ገቡ ሲባል፣ ማልና የፕሬስ ኃላፊው ቶኒ ባሮው በወረቀት ጉዳይ ውረዱ ተባሉ። ማል የሚታሰር መስሎት፣ እንደሚወዳት ለሚስቱ እንዲነግሩለት አደራ ብሎ ወረደ። ነገሩ ተፈታና ተመለሱ፤ አውሮፕላኑም ተነሣ። ዴልሂ ላይ ጆርጅ ሲታር ገዛ፤ ከዚያ ወደ ቤት።

ውሉ ስለነበረ በነሐሴ አንድ ጊዜ ደግሞ አሜሪካ ሄዱ። ነሐሴ 23 ቀን ሳን ፍራንሲስኮ፣ ካንድልስቲክ ፓርክ፣ 25,000 ገደማ ሰው በተገኘበት ለመጨረሻ ጊዜ ቲኬት ለቆረጠ ሕዝብ ተጫወቱ። ለሕዝቡ የመጨረሻችን ነው አላሉትም። ካሜራ ይዘው ወጥተው ነበር፤ እርስ በርሳቸው ፎቶ ተነሡ። ፖል ከመውጣቱ በፊት ቶኒ ባሮውን፣ ያው ማኒላ ላይ ከአውሮፕላን ያወረዱትን ሰው፣ በካሴት ቅዳልን ብሎት ነበር። ባሮው መቅረጫውን ወደ መድረኩ አቅንቶ ያዘ። የካሴቱ አንድ ፊት ግማሽ ሰዓት ይይዛል፤ አልገለበጠውም። የመጨረሻው ዘፈን፣ ሎንግ ቶል ሳሊ፣ ገና ሳያልቅ ቴፑ አለቀ።