በጊንጪ አካባቢ የደን እሳት ማጥፋትና የአለቃው ሥልጣን

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይዞ 80 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው የደንዲ ወረዳ ዋና ከተማ ከምትሆነው ከጊንጪ ይደርሳል። ከዚያ ጥቂት ወደ ሰሜን ፈቀቅ ሲል የጭሊሞን ደን ያገኛል። ደኑ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ጀምሮ እስከ 3,000 ሜትር ድረስ በሚወጣ ተራራማ ቦታ ላይ የቆመ ሲሆን፥ ጥድ፥ ዝግባና ወይራ ዋነኞቹ ዛፎቹ ናቸው። የአዋሽ ወንዝም መነሻው ከዚሁ ወረዳ ነው፤ ስለዚህ በዚህ አገር ደን ሲቃጠል የሚጎዳው እንጨቱ ብቻ ሳይሆን ምንጩም ጭምር ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

ስለ ጭሊሞ ዛፎችና አዕዋፍ ሊቃውንት ብዙ ጽፈዋል። በበጋ ወራት እሳት ሲነሣ ከሰዎች ፊት ቆሞ «አንተ በዚህ፥ አንቺ በዚያ» እያለ ስለሚያዘው ሰው ግን ሲጻፍ እምብዛም አናይም። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው የዚህን ሰው ሥልጣን ነው። ይኸውም ደመወዝና ማዕረግ የሌለው አለቃ ሰውን ወደ እሳት ለመምራት የሚችለው በምን ኃይል ነው? ደኑስ ከአንዱ ባለቤት ወደ ሌላው በተዛወረ ቁጥር ይህ ኃይል እንዴት ተለወጠ? የሚል ነው ጥያቄያችን።

በቅድሚያ ስለ ሥራው ጠባይ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በምዕራብ ሸዋ ደጋ የእሳቱ ወራት ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ነው። ሣሩ ደርቆ፥ የጥዱ ቅጠልና ቅርፊት በምድር ላይ ተከምሮ፥ ነፋሱም ከቀን ወደ ቀን እየበረታ የሚሄድበት ወቅት ነው። እሳቱን የሚያስነሣው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ራሱ ነው፤ ማር ቆራጭ ጢስ ለኩሶ ሳያጠፋው ይሄዳል፤ ከሰል አክሳይ ጉድጓዱን በሚገባ አይደፍነውም፤ እረኛ ለከብቶቹ አዲስ ሣር እንዲያቆጠቁጥ አሮጌውን ያቃጥላል፤ ገበሬም ማሳውን ለማስፋት ዳሩን ይለኩሳል። ከእነዚህ አንዱም ደን ላቃጥል ብሎ የተነሣ አይደለም። ሁሉም ኑሮውን ሲያደርግ ነው እሳቱ ከእጁ የሚያመልጠው።

ጢሱ ከታየ በኋላ ኡኡታ ይሰማል፤ ጡሩምባ ያለበት መንደርም ጡሩምባ ይነፋል። ሰው ዶማውን፥ አካፋውን፥ መጥረቢያውንና ገጀራውን ይዞ ይወጣል፤ ምንም የሌለው ለምለም ቅርንጫፍ ቆርጦ ይይዛል። ሴቶች ውሃ በጀሪካን በጀርባቸውም በአህያም ያመጣሉ። በዚህ ጊዜ ግን አለቃ ከሌለ የመጣው ሰው ብዛት ራሱ አደጋ ይሆናል፤ አንዱ በዚህ ሲመታ ሌላው በዚያ ይሮጣል፥ ነበልባሉ በመካከል ያልፋል።

አለቃው መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ሰውን መቁጠር ነው። ይህ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ማታ ስንት ሰው እንደ ተመለሰ ለማወቅ የሚቻለው ጠዋት ስንት ሰው እንደ ወጣ ሲታወቅ ብቻ ነው። ቀጥሎ ነፋሱን ይመለከታል። ፀሐይ ስትሞቅ ነፋሱ ከሸለቆው ወደ ላይ ስለሚነፍስ እሳቱ ዳገት ሲወጣ ከሰው እግር ይፈጥናል፤ ሲመሽ ግን አየሩ ቀዝቅዞ ወደ ታች ይወርዳል፥ ጤዛም ይረዳል። ስለዚህ የለመደ አለቃ ሰውን ከእሳቱ በላይ በዳገቱ አያሰልፍም፤ ከእሳቱ ግንባር ጋርም በቀትር አይጋጠምም። ነበልባሉ ከጀመረበት ከኋላው ተነሥቶ በሁለቱ ጎኖች እየገፋ ያጠበዋል፤ ከፊቱም ራቅ ብሎ ሣሩንና ቅጠሉን እስከ አፈሩ ድረስ አስጠርጎ የእሳት መከላከያ መስመር ያስወጣል። የቀረውን ትልቁን ሥራ ለሌሊት ያቆየዋል። አንድ ሰው ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቆሞ እንዲጠብቅ ያዝዛል፤ ክፉ ጊዜ ቢመጣ ሕዝቡ ወዴት እንደሚሸሽ አስቀድሞ ያሳያል። ሁሉ ከጨረሰ በኋላም ጥቂት ሰዎችን አስቀርቶ በግንዱ ሥር የተቀበረውን ፍም እያስቆፈረ ያድራል። የወደቀ የጥድ ግንድ ከውስጥ ለብዙ ቀን ሊጤስ ይችላልና «ጠፋ» ተብሎ የተተወ እሳት በማግሥቱ ነፋስ ሲያገኝ እንደገና ይነሣል። በእኛ አስተያየት ከአለቃው ሥራ ሁሉ የሚከብደው ይህ የመጨረሻው ነው፤ የደከመንና የራበውን ሰው «ገና አልጨረስንም» ብሎ ማስቀረት ቀላል አይደለምና።

እንግዲህ ሰው ይህን ሁሉ ትእዛዝ የሚቀበለው ስለ ምን ነው? ነገሩን ለማስረዳት ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ እናምጣ። በአሜሪካ አገር በሞንታና ግዛት ማን ገልች በሚባል ሸለቆ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 5 ቀን 1949 ከአውሮፕላን በጃንጥላ የወረዱ 15 እሳት አጥፊዎች ከአንድ የደን ጠባቂ ጋር ሆነው ወደ እሳት ሄዱ። አለቃቸው ዋግነር ዶጅ ይባል ነበር። እሳቱ ሸለቆውን ተሻግሮ መንገዳቸውን ስለ ዘጋ ወደ ዳገቱ ሸሹ። ነበልባሉ ሊደርስባቸው ጥቂት ሲቀረው ዶጅ ክብሪት ጭሮ ከፊቱ ያለውን ሣር አቃጠለ፤ ሰዎቹንም ወደ ተቃጠለው አመድ ገብተው እንዲተኙ ጠራቸው። አንድም ሰው አልሰማውም። ሁሉም አልፈውት ሮጡ፤ 13 ሰዎች ሞቱ። ከሮጡት መካከል በዓለቱ ስንጥቅ አልፈው የዳኑት ሁለት ብቻ ሲሆኑ፥ ዶጅ ራሱ በአመዱ ላይ ተኝቶ ተረፈ።

የዶጅ ሐሳብ ትክክል ነበር። የተቃጠለ ሣር ሁለተኛ እንደማይቃጠል የእኛ አገር እረኛም ያውቀዋል። ዳሩ ግን ከሰዎቹ ብዙዎቹ ከእርሱ ጋር በአንድነት ሠርተው አያውቁም ነበር፤ በዚያች ደቂቃ ያዩት ከኋላቸው እሳት እያለ በፊታቸው ሌላ እሳት የሚለኩስ ሰው ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1957 ለእሳት አጥፊዎች 10 የታወቁ ትእዛዞችን ሲያወጡ፥ አንዱ አለቃው ትእዛዙን ግልጽ አድርጎ እንዲሰጥና ሰዎቹም እንደ ገባቸው እንዲያረጋግጥ የሚል ነው። እኛም ከዚህ የምንረዳው አለቃ ዕውቀት ብቻ እንደማይበቃው ነው። ሰዎቹ እሳቱ ከመነሣቱ በፊት ሊያውቁትና ሊያምኑት ይገባል።

አሁን ወደ ጊንጪ እንመለስ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በምዕራብ ሸዋ እንደ ብዙው የአገሪቱ ክፍል መሬት በባለ ርስትና በመንግሥት እጅ ነበር፤ አራሹም በብዙ ቦታ ጭሰኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጡት አዋጅ ቁጥር 225፥ 226 እና 227 ደንን የመንግሥት፥ የግልና የመከላከያ ብለው ለዩት። ጭሰኛው ከእነዚህ ከሦስቱ በአንዱም ባለቤት ሆኖ አይገኝም። በዚያን ጊዜ እሳት ሲነሣ ሰውን የሚጠራው ጭቃ ሹሙ ወይም የባለ ርስቱ ሰው ነበር ብለን ብንገምት ከሥርዓቱ ጋር የሚስማማ ነው፤ የሕዝቡም መውጣት ከሌላው አገልግሎት ጋር የሚቆጠር ግዴታ ነበር። ጎረቤት ለጎረቤት የሚያደርገው ጂጊና ደቦ ግን ከዚህ የተለየ ነው። በጂጊ የሚወጣ ሰው ነገ ለእርሱም እንደሚወጣለት ያውቃል። ለባለ ርስቱ ደን እሳት ለማጥፋት የወጣው ጭሰኛ ግን በማግሥቱ ከዚያው ደን እንጨት ሲቆርጥ ቢገኝ ሊከሰስ ይችል ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ይህን ሥርዓት ከሥሩ ነቀለው። የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ በየአካባቢያቸው ያለውን የሕዝብ ንብረት፥ ይልቁንም አፈርን፥ ውሃንና ደንን እንዲጠብቁ ኃላፊነት ተሰጣቸው። ከወረቀቱ እንደሚነበበው ከሆነ ገበሬው የደኑ ባለቤት ሆኖ ነበር። ነገር ግን ትልልቆቹ ደኖች ወደ መንግሥት ገቡ፥ የደን ዘበኞችም ተቀጠሩ። ከዚህ በኋላ እሳት ሲነሣ ከፊት የሚቆመው የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሆነ። ስም ይጠራል፥ የቀረ ይቀጣል። ሰው በቁጥር አልጎደለም ይሆናል፤ ልቡ ግን የት እንደ ነበረ የታየው በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ ነው። በዚያ የሽግግር ወራት በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች ሕዝቡ ወደ መንግሥት ደን ገብቶ ያለ ከልካይ ቆረጠ። በስም ጥሪ የቆመ ሥልጣን ስም ጠሪው በሄደ ቀን አብሮ ይሄዳል።

በጭሊሞ ለየት ያለ ነገር የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። በ1988 ዓ.ም. ገደማ ፋርም አፍሪካና ኤስ ኦ ኤስ ሳሕል የተባሉት ድርጅቶች ከመንግሥት ጋር ሆነው አሳታፊ የደን አስተዳደር የሚባለውን ዘዴ በዚህ ደን ሞከሩ፤ በአገራችን ይህ ዘዴ አስቀድሞ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ ጭሊሞ ነው። በዙሪያው የሚኖሩት ገበሬዎች በቡድን ተደራጁ፥ በኋላም የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ፤ በመተዳደሪያ ደንባቸው መሠረት ደኑን በተራ ይጠብቃሉ፥ ከደኑ በሚገኘው ጥቅምም ይካፈላሉ። በዚህ ሥርዓት የጥበቃው ተራ አለቃ የሚሆነው ከመካከላቸው የተመረጠ ጎረቤት ነው። ሰዎቹ እርሱን በዕድር ያውቁታል፥ በገበያም ያውቁታል፥ ልጁን ሲድርም አይተውታል። ዶጅ ያጣው ይህን ነበር።

ይህ ማለት ግን ነገሩ ሁሉ ተስተካከለ ማለት አይደለም። በኅዳር 2008 ዓ.ም. በጊንጪ ተማሪዎች አደባባይ የወጡበት ምክንያት ሲነገር፥ ከትምህርት ቤት ሜዳ ጋር የጭሊሞ ደን ጉዳይ አብሮ ይጠቀሳል። ከዚያ ተነሥቶ በኦሮሚያ ስለ ተስፋፋው ተቃውሞ ብዙ ተጽፏልና እዚህ አንዘረዝረውም፤ ለእኛ ጉዳይ የሚበቃው ደኑ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ገና ትኩስ እንደ ነበረ ማየት ነው።

ከዚያም 16 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ይኸው ጥያቄ በእሳት መልክ መጥቶ ነበር። በ1992 ዓ.ም. በጋ በባሌና በቦረና ተራሮች የተነሣው እሳት የሐረናን ደን ጨምሮ ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ አቃጠለ። ገበሬ፥ ወታደርና ተማሪ በብዙ ሺህ ዘመተ፤ ከጀርመን፥ ከአሜሪካና ከደቡብ አፍሪካ ባለሙያዎች መጡ። በአምቦና በሌሎች የኦሮሚያ ከተሞች ደግሞ ተማሪዎች መንግሥት እሳቱን ለማጥፋት ዘግይቷል ብለው ሰልፍ ወጡ። ከአምቦ እስከ ባሌ ያለውን ርቀት ያሰበ ሰው ነገሩ ሊደንቀው ይችላል፤ እሳቱ ከደጃቸው አልደረሰም ነበርና። ደኑ የእኛ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ግን ርቀቱን አይቆጥርም።

በባሌ የታየው ችግር የሰው እጥረት አልነበረም። የዘመተው ሕዝብ የሚሠራው በእጅ መሣሪያ ብቻ ነበር፤ ለደን እሳት ተብሎ አስቀድሞ የተሰናዳ የእዝ ሥርዓትም አልነበረም። ወታደሩ ለመታዘዝ የሠለጠነ ነው፥ አገሩን ግን አያውቀውም፤ ገበሬው ነፋሱንና ጉድባውን ያውቃል፥ ወታደሩን የማዘዝ ሥልጣን ግን የለውም። በመጨረሻ የተማመኑበት ዝናብ መጣ። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር (በእኛ አቆጣጠር 1993 ዓ.ም. እንደ ገባ) በአዲስ አበባ ስለ ደን እሳት ጉባኤ ተደርጎ ብዙ ተመከረ። ሆኖም በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል እሳት አጥፊዎችን ከእስራኤል መጥራት አስፈልጎ ነበር። የውጭ ሰው መጥራቱን አንነቅፍም፤ ሄሊኮፕተር በዶማ አይተካም። የሚያሳስበን ሄሊኮፕተሩ እስኪደርስ ባሉት ቀናት ከፊት የሚቆመው ማን እንደሆነ አስቀድሞ አለመታወቁ ነው።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ማኅበረሰብ የደን ባለቤት ሊሆን እንደሚችል ተቀብሏል። ይህ ለጭሊሞ ዓይነቱ ሥርዓት ትልቅ ድጋፍ ነው። ሌላ አገር የበጋ እሳት አጥፊ ቡድን አለቃ በወር ተቀጥሮ፥ ጫማና የራስ ቁር ለብሶ፥ ቢቃጠል የሚታከምበት ገንዘብ ተመድቦለት ይወጣል። የገበሬው አለቃ የሚወጣው በዕለት ልብሱ ነው። እግሩ ቢቃጠል፥ በዚያ ክረምት ማሳውን የሚያርስለት ጂጊ እንጂ ሌላ የለውም። የማኅበራቱ መተዳደሪያ ደንብ ለቀረ ሰው ቅጣት እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፥ ለተጎዳ አለቃ ምን እንደሚከፈል የሚናገር አንድ አንቀጽ ቢጨመርበት፥ ከደኑ ገቢ ጥቂቱ ተለይቶ ለዚሁ እንዲቀመጥ ማድረግ ከማኅበራቱ አቅም በላይ አይመስለንም። የበጋው ጥበቃ የሚጀመረው በኅዳር ነው፤ የተራው ስም ዝርዝርም የሚዘጋጀው ከዚያ በፊት፥ መኸሩ ሳይሰበሰብ ነው።