ለፋብሪካ ሠራተኛ የተሠራ ቴአትር ቤት፦ የጊዝ አዳራሽ ለአማርኛ ተውኔት ታሪክ ያለው ፋይዳ

የአማርኛ ተውኔት ጥናት ይበልጡን ያተኮረው በድርሰቱ ላይ ነው። ጭብጡ፣ ገጸ ባሕርያቱና ቋንቋው በየጊዜው ተመርምረዋል፤ ተውኔቱ የታየበት ቤት ግን እምብዛም አልተነሣም። ይሁን እንጂ ማን እንደሚገባ፣ የት እንደሚቀመጥና ምን ያህል እንደሚሰማ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ቤቱ ነው። ጉዳዩ ጎልቶ የሚታየው በጫማ ሥራ ስሙ ከሚነሣው ከአስኮና እሱን ከመሳሰሉ የሠራተኛ ሰፈሮች አንጻር ሲታሰብ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማም ለፋብሪካ ሠራተኞች ተብሎ የተሠራ አንድ የቆየ ቴአትር ቤት መርምሮ፣ የሚገኘውን መመዘኛ ወደ አዲስ አበባ አዳራሾች ማምጣት ነው።

ቤቱ የሚገኘው በሰሜን ፈረንሳይ፣ ጊዝ በተባለች ትንሽ ከተማ ነው። ያሠራው ዣን ባቲስት አንድሬ ጎደን (1817-1888 እ.ኤ.አ.) የቁልፍ ሠሪ ልጅ ነበር፤ ኋላ የብረት ምድጃ በማምረት ባለጸጋ ሆነ። ከ1859 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሠራተኞቹ «ፋሚሊስቴር» የተባለ ሰፊ መኖሪያ ገነባ። ቤቶቹ በመስተዋት ጣሪያ በተሸፈኑ ግቢዎች ዙሪያ የተደረደሩ ናቸው። በ1869 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከዋናው መኖሪያ ፊት ለፊት፣ ከአደባባዩ ማዶ፣ በሁለት ትምህርት ቤቶች መካከል ቴአትር ቤት አቆመ።

የአቀማመጡ ትርጉም ግልጽ ነው። በመንደሩ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን አልነበረም፤ በሌላ መንደር ቤተ ክርስቲያን የሚቆምበትን የክብር ስፍራ የያዘው ቴአትር ቤቱ ነው። ሠራተኛው ከደጁ ወጥቶ አደባባዩን እንደተሻገረ ይደርሳል። በግራና በቀኝ ልጆች የሚማሩበት እንደመሆኑ፣ መካከለኛው ቤት የአዋቂዎች ትምህርት ቤት ሆነ፤ ተውኔትና ሙዚቃ ይቀርብበታል፣ ጎደን ራሱም ለነዋሪዎቹ ንግግር ያደርግበት ነበር። የቤቱ ድክመት የሚገኘውም እዚሁ ላይ ነው። ቤቱን ያሰበውም ያሠራውም አሠሪው ነው፤ ሠራተኛው በመጀመሪያ የታሰበው እንደ አድማጭ ነበር።

በርሊን ላይ ነገሩ የተጀመረው ከተመልካቹ በኩል ነው። በ1890 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የሕዝብ ቴአትር ማኅበር አባላቱን አንድ ዓይነት ዋጋ ያስከፍል፣ መቀመጫንም በዕጣ ያድል ነበር። በኋላም አርክቴክት ኦስካር ካውፍማን የነደፈውና በ1914 እ.ኤ.አ. የተከፈተው «ፎልክስቢውነ» ከአባላት በተዋጣ ገንዘብ ተሠራ። ሞስኮ ላይ ደግሞ ኮንስታንቲን ሜልኒኮቭ ከ1927 እስከ 1929 እ.ኤ.አ. በሠራው የሩሳኮቭ የሠራተኞች ክበብ ሦስት የአዳራሽ ክፍሎች ከሕንፃው ወደ ውጭ ተንጠልጥለው ወጥተዋል፤ እንደ አስፈላጊነቱ ለየብቻ ወይም በአንድነት እንዲያገለግሉ የታሰቡ ናቸው።

ከእነዚህ ሦስት ቤቶች ሦስት ጥያቄዎች ይወጣሉ፤ ቤቱ ከሠራተኛው ደጅ ምን ያህል ይርቃል? መቀመጫው በምን ይደለደላል? መድረኩስ የማን ነው? የአማርኛ ተውኔት የመጀመሪያ ተመልካቾች የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን «ፋቡላ» በሆቴል አዳራሽ ያዩት መኳንንት ነበሩ። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው ጣሊያኖች ለሲኒማ በጀመሩት ሕንፃ ላይ ተጠናቆ፣ በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ 25ኛ የዘውድ በዓል ሲከበር ተከፈተ። እነዚህ ቤቶች ከማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ጋር ከፒያሳ እስከ ለገሃር ባለው መስመር ዙሪያ የተሰባሰቡ ናቸው። ለአስኮ ሠራተኛ ቴአትር ማየት ማለት ከትኬቱ ሌላ የደርሶ መልስ ጉዞም ነበር።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በየፋብሪካውና በየቀበሌው የኪነት ቡድኖች ሲቋቋሙ ርቀቱ ጠበበ፤ ሠራተኛውም ከተመልካችነት ወደ ተዋናይነት ተሻገረ። ነገር ግን የተጫወተው ለስብሰባ በተሠራ አዳራሽ ነው። ከፍ ባለው መድረክ ላይ ጧት ሊቀ መንበሩ፣ ማታ ተዋናዩ ይቆማል። የዘመኑ ተውኔቶች መፈክርና ቀጥተኛ ንግግር የበዛባቸው በፖለቲካው ግፊት መሆኑ አያከራክርም፤ የአዳራሹ ጠባይ በዚህ ላይ የነበረው ድርሻ ግን ሊጠና ይገባዋል።

ስለዚህ የእነዚያን ቡድኖች ድርሰቶች የሚሰበስብ ተማሪ የአዳራሹን ስፋት፣ የመድረኩን ከፍታ፣ የመቀመጫውን አደራደርና ከፋብሪካው በር ያለውን ርቀት አብሮ ቢመዘግብ ይበጃል። ከተማዋ እየፈረሰች በምትሠራበት በአሁኑ ጊዜ አዳራሾቹ ብዙ አይጠብቁም፤ የተጫወቱባቸውም ሰዎች እያረጁ ነው።