ጀጎልን በእግር፦ ከበር እስከ በር



ሐረር የሚሄዱ ብዙ ወንድምና እህቶቻችን በመኪና ይገባሉ፣ በራምቦ ስም የሚጠራውን ቤት ያያሉ፣ ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲበላ ፎቶ ያነሳሉ፣ በማግስቱ ይመለሳሉ። ይህ ሁሉ ደግ ነው። ነገር ግን ጀጎል የተሠራችው ለእግረኛ ነው፤ ታሪኳም የሚገኘው በበሮቿ፣ በመንገዶቿና በሰፈሮቿ ስም ውስጥ ነው።

ከግንቡ እንጀምር። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በ1543 (እ.ኤ.አ.) ከሞቱ በኋላ ሐረር ከየአቅጣጫው ጥቃት ያሰጋት ነበር። የባለቤታቸውን የባቲ ድል ወንበራን እጅ ያገቡት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ (ረሒመሁላህ) ከተማዋን በግንብ እንዳጠሯት ይተረካል። ግንቡ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል።

የጥንቶቹ በሮች አምስት ናቸው። በአማርኛ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር እንላቸዋለን። የከተማው ተወላጆች ደግሞ አስመአዲን በሪ፣ በድሪ በሪ፣ ሱቁጣጥ በሪ፣ አርጎብ በሪና አሱም በሪ ይሏቸዋል። ሰፈሮቹም የሚጠሩት በእነዚሁ በሮች ነው። መኪና የሚገባበት ትልቁ በር ኋላ የተከፈተ ነው፤ በእሱ ብቻ ገብቶ የወጣ ሰው አንዱንም የጥንት በር አላየም ማለት ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። በማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ በሸዋ በር ግቡ። ወደ ፈረስ መጋላ ውጡ፤ ስሙ የፈረስ ገበያ ማለት ነው። ከዚያ በመኪና ግርግር ውረዱ። የመንገዱ ስም የመጣው ከልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ነው፤ ዛሬም ሰፊዎቹ ከደጅ ተቀምጠው ይሰፋሉ። መጨረሻው ጊድር መጋላ፣ ትልቁ ገበያ ነው። እዚያ ሻጮቹን ሳታስፈቅዱ ካሜራ አታንሱ፤ ሰላምታ ይቅደም።

ከገበያው ወጥታችሁ ወደ ቀጫጭን መተላለፊያዎች ግቡ። ብትጠፉም አትስጉ፤ ሁሉም ወይ ግንብ ላይ ወይ ገበያ ላይ ያደርሳል። በሁለት ወገን የምታዩት ከፍ ያለ አጥርና በር ብቻ ነው፤ የቤቱ ውበት፣ መደቡና በግድግዳ የተሰቀለው ስፌት፣ ለእንግዳና ለቤተሰብ ውስጥ ተቀምጧል። የዕርቅ መንገድ የሚባል እጅግ ጠባብ መተላለፊያም አለ። የተጣሉ ሰዎች እዚያ ቢገናኙ ሳይነካኩ ማለፍ አይችሉም ይባላል።

ዩኔስኮ ጀጎልን በ2006 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጂዶችና 102 የዚያራ ቦታዎች እንዳሏት ጠቅሷል። ከመስጂዶቹ ሦስቱ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ ናቸው። ከተማዋ ግን 48 ሄክታር ብቻ ናት! ይህን ቁጥር በእግራችሁ ስትሄዱ ትረዱታላችሁ። አዛውንቱም ሕፃኑም ለፈጅር ሩቅ እንዳይሄዱ እያንዳንዱ ሰፈር መስጂዱ ከደጁ ነው። አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው፤ ከጎረቤት ቤት የሚለያቸው በሩ ላይ የተደረደረው ጫማ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ከዚያ የአሚር ኑርን መቃብር፣ አረንጓዴውን ቁብባ፣ ዘይሩ። በደቡብ ምሥራቅ በኩል የሼኽ አባዲር ዑመር አሪዳ ማረፊያ ይገኛል። በቆየው ትረካ መሠረት ሼኽ አባዲር ባልደረቦቻቸውን አስከትለው ከመካ የመጡ ናቸው። የዚያራ ቦታ ስሞችን ልብ በሉ፦ «አው» ሲባል አባት ነው፣ «አይ» ሲባል እናት ነው። እንደ አይ አቢዳ ያሉ ሴት ሷሊሖች መታሰቢያ እንዳላቸው ስንቶቻችን እናውቃለን?

ውድ ወንድምና እህቶች፤ ግንብ ቢፈርስ በድንጋይ ይጠገናል። የሰፈርና የመንገድ ስም ግን የሚኖረው በሰው አንደበት ነው። መንገዱን የሚጠሩት አባቶችና እናቶች ካለፉ በኋላ ማን ይነግረናል? ስለዚህ ስትሄዱ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ደጅ የተቀመጠ አዛውንት ስታገኙ ሰላም በሉና «ይህ ቦታ ማን ይባላል? ለምንስ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሰማችሁትን ጻፉት። እናንተ ሐረር ያደጋችሁም የሰፈራችሁን የድሮ ስምና ትርጉሙን ከታች አስፍሩልን።

አላህ ቀደምቶቻችንን ይዘንላቸው፣ ለተተኪዎቻቸው አደራ ጠባቂ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።