ፊልም ያነሣውን ሊቅ ያነበበው፦ የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የብራና አገልግሎት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን፡፡

የተወደዳችሁ የተዋሕዶ ልጆች፣ በየገዳማቱ ዕቃ ቤት ስላሉት የብራና መጻሕፍት ብዛት ስንናገር ደስ ይለናል፡፡ በውስጣቸው ምን እንደ ተጻፈ ስንጠየቅ ግን ብዙዎቻችን ዝም እንላለን፡፡ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡት ይህን ዝምታ ለመስበር ነው፡፡

በሸዋ ሸንኮራ የተወለዱት እኒህ ሊቅ ነገረ መለኮትን በካይሮ በግብፅ ቤተ ክርስቲያን ኮሌጅ ተማሩ፤ በጀርመን ቱቢንገን ዩኒቨርሲቲም በሴማውያን ቋንቋዎች ጥናት የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበሉ፡፡ ወደ አገራቸው ተመልሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፡፡ በ1968 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን ሊይዟቸው በመጡ የደርግ ወታደሮች ጥይት ተመትተው እግሮቻቸው ሽባ ሆኑ፡፡ ከሕክምና በኋላ በአሜሪካ ሚኒሶታ በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው የሂል የብራና ቤተ መጻሕፍት አመሩ፡፡

ቤተ መጻሕፍቱ ከቤተ ክርስቲያናችን ጋር በመተባበር ከ9,000 በላይ የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም ያስነሣ ነው፡፡ ፊልም ግን ያለ አንባቢ አይናገርም፡፡ መዝጋቢው የእያንዳንዱን ድርሰት መነሻና መድረሻ ያነባል፤ የጸሐፊውን ስም ይፈልጋል፤ በጸሎቱ የተጠቀሱትን ንጉሥና ጳጳስ ከፊደሉ ቅርጽ ጋር አስተያይቶ ዘመኑን ይወስናል፤ በኅዳግ የሰፈረውን የጉልት ማስታወሻ እንኳ አያልፍም፡፡ የ5,000 ብራናዎች መዘርዝር በ10 ቅጾች ሲታተም የብዙዎቹ ቅጾች አዘጋጅ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው ይሠሩ የነበሩት እኒሁ ሊቅ ናቸው፡፡

ፍሬውን በአንድ ምሳሌ እንመልከት፡፡ ከሐይቅ እስጢፋኖስ በተገኘ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብራና ውስጥ ለአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ክብር የተደረሰ ድርሳን ነበር፡፡ ፕሮፌሰሩ ይህን ድርሳን አሳትመው ለዓለም ሊቃውንት አደረሱት፡፡ የመጀመሪያው ጳጳሳችን ታሪክ ከሮማውያን ጸሐፊዎች ብቻ ሳይሆን ከአባቶቻችን አንደበትም እንዲሰማ ሆነ፡፡ ስለ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የነገረ ማርያም ትምህርትና ስለ ሰንበት ክብርም እንዲሁ ጽፈዋል፡፡ በ1980 ዓ.ም. የማክአርተር ሽልማት ተሰጣቸው፡፡

ውድ አንባብያን፣ ከሊቁ ድምዳሜዎች መካከል ከቤተ ክርስቲያን መምህራን ጋር ያከራከሩ አሉ፡፡ ከአንድ ሊቅ ለመማር ሁሉን መቀበል ግዴታ አይደለም፡፡ መቃወም የሚሻ ግን እርሳቸው እንዳደረጉት ብራናውን ገልጦ ማንበብ ይገባዋል፤ በሰሚ ሰሚ የሚቆም ክርክር ሃይማኖትን አይጠብቅም፡፡ የአጥቢያችን መጽሐፍ ሲሰረቅ ወይም ሲቃጠል ምን እንዳጣን ማወቅ የምንችለውም አስቀድሞ ያነበበውና የመዘገበው ሲኖር ነው፡፡

ስለዚህ ግእዝን እንማር፤ የአጥቢያችንን መጻሕፍት በአባቶች ፈቃድና ቡራኬ እየመዘገብን እናንብብ፡፡ ሰኔ 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ያረፉትን የሊቁን ነፍስ እግዚአብሔር በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን፡፡

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፡፡