ንዳድ የማን ዕዳ ነው? የወሎ ወቅታዊ ሠራተኛና የሕመም ፈቃድ

ከደሴ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ኮምቦልቻ ላይ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ አዲስ አበባ ያመራል፤ ሌላው ባቲን አልፎ ወደ ሚሌና አሰብ። የወሎ ደገኛ ሥራ ፍለጋ ቆላ የወረደው በዚህ በሁለተኛው ነው። የተመለሰውም በእሱው ነው፤ አንዳንዱ ብር ቋጥሮ፣ አንዳንዱ ንዳድ ይዞ።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ተንዳሆ ላይ ሰፊ የጥጥ እርሻ ከፈተ። ቦታው ያኔ በወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ በአውሳ አውራጃ ውስጥ ነበር። ጥጥ ሲደርስ ብዙ እጅ በአንድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ለቀማው ሲያልቅ ያ ሁሉ እጅ ትርፍ ይሆናል። ስለዚህ ጥቂት ቋሚ ሠራተኛ እየተያዘ የለቀማው ሰው በየዓመቱ ከደጋ ይመጣ ነበር። ክፍያው በኪሎ ነው፤ ያልለቀመ አይከፈለውም። ወባ የማያውቀው የደገኛ ሰውነት ደግሞ በአዋሽ ሸለቆ ቶሎ ይወድቃል። የታመመ ለቃሚ ሁለት ጊዜ ይከስራል፦ ገቢው ይቆማል፣ ወጪው ይቀጥላል።

የአገሪቱ ዘመናዊ የሥራ ሕግ የተወለደውም በዚያው ዘመን ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሥራ ውል ራሱን የቻለ ክፍል ነበረው። አዋጅ ቁጥር 210/1956 ደግሞ ማኅበር ማቋቋምንና የኅብረት ድርድርን ሕጋዊ አደረገ። ግን ማኅበር የሚጸናው ከዓመት ዓመት አንድ ቦታ በሚቆይ ሰው ነው። ጥቂት ወራት ለቅሞ ወደ ማሳው ለሚመለስ ገበሬ ማን ይደራደርለታል? በ1967 ደርግ ትልልቅ እርሻዎችን ወረሰ፤ በ1968 አዲስ የሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 64 ወጣ። የእርሻው ባለቤት ተለወጠ፤ የለቀማው ሰው ግን ያው መጥቶ ሂያጅ ሆኖ ቀረ።

ዛሬ የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በአንቀጽ 85 እና 86 መሠረት የታመመ ሠራተኛ በ12 ወራት ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው አንድ ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ከእሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ያስቀመጠውም ይህንኑ ነው። አንቀጹ ቋሚና ጊዜያዊ ብሎ አይለይም። የሚጠይቀው የሙከራ ጊዜን መጨረስና የሐኪም ማስረጃ ማቅረብን ነው።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሙከራ ጊዜው በ1996ቱ አዋጅ 45 ቀን ነበር፤ በ2011ዱ 60 የሥራ ቀን ሆነ። የለቀማ ወይም የአጨዳ ወራት ግን አጭር ነው። ሰውየው ሙከራውን ሳይጨርስ ሰሊጡ ታጭዶ ያልቃል።

በሥራ ምክንያት በሚመጣ በሽታ ልካስ ቢልም ሌላ በር ይዘጋበታል። ሕጉ በሥራው አካባቢ የተለመደን ወይም በወረርሽኝ የሚመጣን በሽታ፣ ሥራቸው ያንን በሽታ መዋጋት ለሆነ ሰዎች ካልሆነ በቀር፣ ከሙያ በሽታ አይቆጥረውም። ወባ በዚህ ይወጣል። በመተማና በሁመራ እርሻዎች የቀን ሠራተኛውን ሲፈጅ የኖረው ካላዛርም እንዲሁ። የካላዛር ሕክምና በተለመደው አሠራር 17 ቀን በተከታታይ መርፌ መወጋት ነው። ለወቅታዊ ሠራተኛ 17 ቀን ማለት የዓመት ተስፋው ግማሽ ሊሆን ይችላል።

ሆኖም በዚያው አዋጅ ውስጥ ብዙ ሰው ያላስተዋላቸው ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ካልተስማሙበት የለም። ሁለተኛ፣ ለዚያው አሠሪ ለዚያው ሥራ ዳግም የተቀጠረ ሰው እንደገና ሙከራ ላይ አይቀመጥም። እንግዲህ አምና እዚያው እርሻ ያጨደ ሰው ዘንድሮ ሲመለስ፣ ውሉ እስካለ ድረስ፣ ከመጀመሪያው ቀን የሕመም ፈቃድ መብት አለው ማለት ነው። ይህን የሚያውቅ ካቦ ስንት ነው? የሚያውቅ ሠራተኛስ?

ማወቁም ብቻውን አይበቃም። አምና መሥራቱን በምን ያስረዳል? አሠሪው የጽሑፍ ውል ከሌለ በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ደብዳቤ እንዲሰጥ ሕጉ ያዝዛል፤ በደላላ ተሰብስቦ በካቦ ስም የሚጻፍ ሰው ግን ደብዳቤ አያይም። ያልተከፈለ ደመወዝ ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር ይርጋ ይታገዳል። ታሞ አገሩ የገባ ሰው አገግሞ እስኪነሳ ጊዜው ይሄዳል።

አሠሪዎች የሚያነሱት መከራከሪያ ፍሬ አልባ አይደለም፤ ሁለት ወር ለሚሠራ ሰው የአንድ ወር ደመወዝ መክፈል ይከብዳል። ሌላው ዓለም ይህን የፈታው ሸክሙን በማከፋፈል ነው። ጀርመን በፈረንጆች 1883 ባወጣችው ሕግ ሠራተኛውም አሠሪውም ወደ አንድ ቋት እያዋጡ የታመመው ከዚያ ይከፈለው ጀመር። እዚያም ቢሆን የእርሻ ሠራተኛው በሙሉ የታቀፈው አሠርት ዓመታት ዘግይቶ ነው። በኛም ዘንድ ማዋጣት እንግዳ አይደለም፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ሲጀመር ለሙከራ ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ እዚሁ ደቡብ ወሎ ያለችው ተሁለደሬ ነበረች። ግን መድኅኑ የሕክምናውን እንጂ የቀረውን የቀን ገቢ አይከፍልም።

ጉዳዩ የቆላ እርሻ ብቻ አይደለም። ኮምቦልቻ በሐምሌ 2009 የኢንዱስትሪ ፓርኳን አስመርቃለች። የፋብሪካ ከተማ ባለችበት ሁሉ የአጭር ጊዜ ውል አለ። ውሉ የሙከራው ጊዜ ሳይሞላ እየተቋረጠ ከታደሰ፣ ከተማ ውስጥ ያለችው ሠራተኛም ከተንዳሆው ለቃሚ እኩል ናት፤ ከታመመች ቤቷ ትቀራለች፣ ቤቷ ከቀረች አትበላም።

ስለዚህ ቀዳሚው ነገር አዲስ አዋጅ ማውጣት አይደለም። እያንዳንዱ ወቅታዊ ሠራተኛ ስሙ፣ ሥራውና የጀመረበት ቀን የተጻፈበት አንድ ወረቀት እጁ ላይ ይኑር። ተቆጣጣሪው ያንን ወረቀት ይጠይቅ። ከ60 ዓመት በላይ ንዳዱን ብቻውን የተሸከመው ለቃሚው ነው፤ ጥጡን የሸጠው ግን ሌላ ነበር።