ቱቫሉ፦ ወንዝ አልባዋ የኮራል ደሴቶች አገር

ቱቫሉ በፓሲፊክ ውቅያኖስ፣ በአውስትራሊያና በሃዋይ መካከል የምትገኝ የዘጠኝ ደሴቶች አገር ናት። የየብስ ስፋቷ በድምሩ 26 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከፍተኛው ቦታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 5 ሜትር አይሞላም። ተራራም ወንዝም የላትም። ወደ 11 ሺህ የሚጠጋው ሕዝቧ ኑሮውን የመሠረተው በዝናብና ከአሸዋ በታች በተጠራቀመ ስስ ውኃ ላይ ነው።

አፈጣጠር

ቻርለስ ዳርዊን እንዳስረዳው፣ እንዲህ ያሉ ደሴቶች መሠረታቸው እሳተ ገሞራ ነው። ተራራው በዘመናት ሂደት ቀስ በቀስ ሲሰጥም፣ ኮራል የተባሉት ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በዙሪያው የኖራ አጽማቸውን እየደራረቡ ወደ ላይ ያድጋሉ። በመጨረሻም ተራራው ጠፍቶ፣ የባሕር ውኃ የከበበ የድንጋይ ቀለበት ይቀራል፤ ይህም አቶል ይባላል። እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1896 እስከ 1898 በዋና ከተማዋ በፉናፉቲ የተካሄደው ቁፋሮ 340 ሜትር ያህል ወርዶ ያገኘው የኮራል ድንጋይ ብቻ ነበር።

ውኃና እርሻ

በፉናፉቲ በዓመት ከ3 ሺህ ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይጥላል። ሆኖም አፈሩ የኮራል አሸዋና ጠጠር በመሆኑ ውኃውን አይዝም። ወደ ታች የሰረገው የዝናብ ውኃ ከጨዋማው ውኃ ስለሚቀል፣ በላዩ ላይ እንደ ስስ ሽፋን ይንሳፈፋል። ገበሬዎች እዚህ ውኃ ድረስ ጉድጓድ ቆፍረው፣ ቅጠል እያበሰበሱ አፈር ይሠራሉ፤ በዚያም የጎደሬ ዘመድ የሆነውን ፑላካ ይተክላሉ። ኮኮናትም ሌላው ዋነኛ ተክላቸው ነው።

ስጋት

ዝናብ ሲጠፋ ችግሩ ፈጥኖ ይደርሳል፤ በ2011 በደረሰው ድርቅ መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አውጇል። የባሕሩ ከፍታ ሲጨምር ደግሞ ጨው ወደ ፑላካው ጉድጓድ ይሰርጋል፤ ሥሩም ይበሰብሳል።

ማዕበል ግን አጥፊ ብቻ አይደለም። በ1972 ቤቤ የተባለው አውሎ ነፋስ ፉናፉቲን ቢያወድምም፣ ከባሕር ያወጣውን የኮራል ፍርስራሽ በዳርቻው ከምሮ አዲስ መሬት አስገኝቷል። በ2018 የታተመ ጥናትም ከ1971 እስከ 2014 የአገሪቱ የየብስ ስፋት በ2.9 በመቶ መጨመሩን አመልክቷል። ይሁን እንጂ የየብስ መስፋት ብቻውን አያኖርም፤ የጉድጓዱ ውኃ ጨው ከሆነ ፑላካ አይበቅልም።